የተበከለ ውኃን ወደ ጉም ለውጦ በፕላዝማ ማጽዳት፦ ከግንባታ እስከ ልኬት

የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ፣ የመድኃኒት ቅሪት፣ ፀረ ተባይ፣ የኢንዱስትሪ መሟሟያ፤ እነዚህ ሁሉ ከተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ እያመለጡ ወንዝ የሚገቡ ኬሚካሎች ናቸው። ባክቴሪያዎች ወይ አይበሏቸውም፣ ወይ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚበሏቸው። አሸዋ አያስቀራቸውም። ገቢር ከሰል ይዞ ያስቀራቸዋል፤ ነገር ግን የሞላው ከሰል ራሱ ሌላ ቆሻሻ ሆኖ ይቀመጣል። ፕላዝማ የሚለየው ሞለኪውሉን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ከማዛወር ይልቅ እዚያው የሚሰባብረው በመሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ ኬሚስትሪ፣ ኬሚካል ምህንድስና ወይም የአካባቢ ሳይንስ ለሚያጠኑና ቤተ ሙከራና አማካሪ መምህር ላላቸው የተዘጋጀ ነው። የምንሠራው አነስተኛ የሙከራ መሣሪያ ሲሆን፣ ሰማያዊ ቀለም ያለበትን ውኃ ወደ ደቃቅ ጠብታ በትኖ በፕላዝማ ውስጥ ያሳልፋል። ቤት ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ኦዞንና ውኃ አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙበት ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን ሥራ ሲጀምር ሐሳቡን ሁሉ ኤሌክትሪኩ ላይ ይጥላል፤ ትልቅ ትራንስፎርመር፣ ብዙ ቮልት፣ ደማቅ ብርሃን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ውጤቱን የሚወስነው ከሁሉ በፊት የጠብታው መጠን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ የለካችሁት ነገር ምን እንደሆነ ማወቃችሁ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በጠብታው ላይ የሚሆነው ምንድን ነው?

በጋዝ ላይ በቂ የኤሌክትሪክ ጫና ሲያርፍ ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው ይላቀቁና ጋዙ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። ይህ ፕላዝማ ነው። ስያሜውን በ1928 የሰጠው አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነው። በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ የሚበራውም እሱው ነው። እኛ የምንፈልገው ቀዝቃዛ የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በአሥር ሺዎች ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀት ሲኖራቸው ጋዙ ግን ከክፍሉ ሙቀት ብዙም አይርቅም። ኃይሉ ውኃ በማፍላት እንዳይባክን ይህ ወሳኝ ነው።

ፈጣኑ ኤሌክትሮን ከውኃ ተን ሞለኪውል ጋር ሲጋጭ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል፤ አንድ ኦክስጂንና አንድ ሃይድሮጂን ብቻ የያዘ፣ ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው የውኃ ስባሪ ነው። የኦክሲዴሽን አቅሙ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የመንጠቅ ጉልበቱ፣ 2.8 ቮልት ነው፤ የኦዞን 2.07፣ የክሎሪን 1.36 ነው። ሃይድሮክሲል ያገኘውን ኦርጋኒክ ሞለኪውል ሁሉ ማለት ይቻላል ያጠቃል፤ ሃይድሮጂን ይነጥቀዋል ወይም ባለ ድርብ ትስስሩ ላይ ይጣበቃል። ችግሩ ዕድሜው ነው፤ በማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ነገር ጋር ተዋህዶ ያልቃል። ስለዚህ ከተወለደበት ቦታ ርቆ አይሄድም። ውኃ ውስጥ ከገባም የሚዘልቀው ከላይኛው ስስ ገጽ ብዙም አያልፍም። እርስ በርሳቸው የተገናኙት ሁለት ሃይድሮክሲሎች ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሆናሉ፤ እሱ ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም ብቻውን ደካማ ነው።

ኦዞን በኤሌክትሪክ ማምረት አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ሲመንስ የመስታወት ግድግዳ ያለውን የኦዞን ማምረቻ ያሳወቀው በ1857 ነው፤ የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማም ከ1906 ጀምሮ የመጠጥ ውኃዋን በኦዞን ስታክም ቆይታለች። ነገር ግን በዚያ አሠራር ፕላዝማው አንድ ቦታ፣ ውኃው ሌላ ቦታ ነው። ኦዞኑ በቱቦ ተጉዞ ይደርሳል፤ ሃይድሮክሲሉ መንገድ ላይ ያልቃል። እዚህ የምንሠራው ውኃውን ራሱን ወደ ፕላዝማው ማስገባት ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ እንደ አንድ ድቡልቡል ጠብታ ብናስበው ወርዱ ወደ 12 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው ገጹ ወደ 5 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያንኑ ውኃ ወርዳቸው 30 ማይክሮ ሜትር ወደሆኑ ጠብታዎች ብንበትነው ከ70 ሚሊዮን በላይ ጠብታ እናገኛለን፤ ገጻቸው ሲደመር 2,000 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 400 እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚህም የሚበልጠው የጉዞው ጉዳይ ነው። አንድ የቀለም ሞለኪውል በረጋ ውኃ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር በራሱ ለመንቀሳቀስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። በ30 ማይክሮ ሜትር ጠብታ ውስጥ ግን ከመሐል እስከ ገጽ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ በታች ይበቃዋል። ሃይድሮክሲሉ ወደ ሞለኪውሉ መሄድ ካልቻለ፣ ሞለኪውሉ ወደ ሃይድሮክሲሉ እንዲመጣ መንገዱን ማሳጠር ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በ2010 የታተመ አንድ ሰፊ ንጽጽር የተለያዩ የፕላዝማ መሣሪያዎችን በኃይል ፍጆታ ሲያወዳድር በመካከላቸው ከሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት አግኝቷል። ከፊት የተሰለፉት በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች የሚሠሩና ውኃውን በፕላዝማው ውስጥ የሚረጩት ነበሩ። በፊንላንድ የላፔንራንታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውኃውን በኤሌክትሮዶች መካከል እንደ ሻወር እያወረዱ ሠርተውበታል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የፒተር ብሩገማን ቡድን ደግሞ ጠብታዎችን አንድ በአንድ በፕላዝማ ውስጥ እያሳለፈ ምን ያህል ሃይድሮክሲል እንደሚገባባቸው ሃይድሮክሲል በሚሰብረው የፎርሜት ጨው ለክቷል።

ደረጃ 1፦ ደኅንነት

ሌላውን ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

መሣሪያው በሙሉ ፊውም ሁድ (ጋዝ ወደ ውጭ የሚስብ የቤተ ሙከራ ሣጥን) ውስጥ ይቀመጥ። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ክፍል በግልጽ ፕላስቲክ ሣጥን ይታጠር፤ በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠምለት። ሣጥኑን ለመክፈት ስትፈልጉ ኃይሉን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ የፕላስቲክ እጀታ ባለው ከግራውንድ (ከመሬት መስመር) ጋር በታሰረ ዘንግ ኤሌክትሮዱን ንኩ። ካፓሲተር ኃይሉ ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ብቻችሁን አትሥሩ፤ አብሯችሁ ያለው ሰው ብሬከሩ የት እንዳለ ይወቅ።

ውኃ በሚረጭበት ክፍል ሁሉ እርጥበት ኤሌክትሪክ ይዞ ይጓዛል። ደረቅ ሳለ አስተማማኝ የነበረ የመስታወት ገጽ ጥቂት ጉም ካረፈበት በኋላ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ ፓምፑ፣ መርጫውና መሰብሰቢያ ብልቃጡ የተቀመጠበት ብረት ሁሉ ግራውንድ ይደረግ፤ ከማከፋፈያው የሚመጣው መስመርም ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚያቋርጥ ብሬከር ይኑረው። ይህ ብሬከር ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ከመንካት አያድንም፤ ከዚያ የሚያድናችሁ ሣጥኑ ነው።

ኦዞንን አፍንጫ በጣም ትንሽ ሳለ ያሸተዋል፤ ቶሎ ግን ይለምደዋል። ሽታው ጠፋ ማለት ኦዞኑ ጠፋ ማለት አይደለም። በብዙ አገሮች የሥራ ቦታ ገደቡ 0.1 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 0.1) ነው። መለኪያ ይኑራችሁ። ከመሣሪያው የሚወጣውን ጋዝ በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ማጣሪያ አሳልፉት፤ ኦዞኑን ወደ ተራ ኦክስጂን ይመልሰዋል። በንጹህ ኦክስጂን ስትሠሩ ገቢር ከሰልን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቱቦውን መገንባት

ሁለት የኳርትዝ ቱቦ ያስፈልጋል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ። የውስጠኛው የውጭ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ታችኛው ጫፉ የተዘጋ ይሁን። የውጭኛው የውስጥ ወርዱ 26 ሚሊ ሜትር ይሁን። የሁለቱም ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ስታቆሟቸው በመካከላቸው ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ፕላዝማው የሚበራው፣ ጉሙም የሚወርደው በዚያ ክፍተት ነው።

በውስጠኛው ቱቦ ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ የብረት ዘንግ ወይም የተጠቀለለ የአሉሚኒየም ወረቀት አስገቡ፤ ይህ የከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮድ ነው። በውጭኛው ቱቦ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ወንፊት ጠቅልላችሁ ከግራውንድ ጋር እሰሩት። ወንፊት የመረጥኩት በቀዳዳዎቹ በኩል ውስጡን ለማየት ስለሚያስችል ነው። በዚህ አሠራር የኤሌክትሮዶቹ ብረት ከውኃው ጋር በፍጹም አይነካካም። ስለዚህ ብረት አይሟሟም፤ ውጤታችሁም ካልታሰበ ብረት ጋር አይደባለቅም። የተሟሟ ብረት (አይረን) ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ያመነጫልና፣ ሳታውቁት ከገባ ያልሠራችሁትን ሥራ ለፕላዝማው ትጽፋላችሁ።

ቮልቴጁን እንገምት። በተራ አየር ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚበሳው ወደ 11 ኪሎ ቮልት ላይ ነው። ኳርትዙ የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ ከትራንስፎርመሩ የሚፈለገው ወደ 14 ኪሎ ቮልት ከፍታ ይደርሳል። 20 ኪሎ ቮልት መስጠት የሚችል፣ ድግግሞሹ ከ1 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ የሆነ ተለዋዋጭ ኃይል ምንጭ ይበቃል። ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አይሆንም፤ ኳርትዙ ያግደዋል።

የኳርትዙ ሥራ ይኸው ማገድ ነው። ክፍተቱ ሲበሳ ቻርጁ ግድግዳው ላይ ይከማችና ፍንጣሪውን ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም፣ የሚያቃጥል አርክ ከመፈጠር ይልቅ በየአቅጣጫው ብልጭ እያሉ የሚጠፉ ቀጫጭን ክሮች ይፈጠራሉ። ቱቦዎቹ አንድ ማዕከል ላይ ካልቆሙ ክሮቹ ጠበብ ባለው ወገን ብቻ ይሰበሰባሉ። ከላይና ከታች ከቴፍሎን የተቆረጡ ሦስት ትናንሽ መደገፊያዎች አስገብታችሁ አስተካክሉት።

ደረጃ 3፦ ጠብታውን መሥራት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

በገበያ በርካሽ የሚገኘው የክፍል ማርጠቢያ ዲስክ በ1.7 ሜጋ ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን፣ ወደ 3 ማይክሮ ሜትር የሚጠጉ ጠብታዎችን ይሰጣል። ስታዩት ቆንጆ ጉም ነው። ለዚህ ሥራ ግን ከልክ በላይ ደቃቅ ነው። በደረቅ አየር ከአንድ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይተናል፤ ውኃው ወደ ጋዝ ሲሄድ ቀለሙ ግድግዳ ላይ ይደርቃል። ያልተነነው ደግሞ እንደ ጭስ ከጋዙ ጋር ወጥቶ ይሄዳል። የጓሮ መርጫ በበኩሉ በመቶዎች ማይክሮ ሜትር የሚቆጠር ጠብታ ይጥላል፤ ያ በፍጥነት ይወድቃል፣ ውስጡም ሳይነካ ያልፋል።

መካከለኛው መንገድ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ የአልትራሳውንድ መርጫ ነው። በ48 ኪሎ ኸርዝ የውኃ ጠብታ አማካይ ወርዱ 30 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ጠብታውን በግፊት አይወረውረውም። ቀስ ብሎ ይለቀዋል፣ ጋዙ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጠብታው በፕላዝማው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ የምትወስኑት በጋዙ ፍሰት ነው።

ከቱቦው አናት ላይ ትንሽ የመስታወት ክፍል አድርጉና መርጫውን በጎን በኩል አስገቡት። ትልልቆቹ ጠብታዎች እዚያው ይወድቃሉ፤ ደቃቆቹ ከጋዙ ጋር ወደ ክፍተቱ ይወርዳሉ። የመርጫው አፍ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮዱ የላይኛው ጫፍ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ወደ ኤሌክትሮዱ የሚወርደው ሽቦም ወፍራም የሲሊኮን ሽፋን ያለው ይሁን። በመሰብሰቢያ ብልቃጡና በመርጫው መካከል ፔሪስታልቲክ ፓምፕ (ለስላሳ ቱቦ እየጨመቀ የሚገፋ) አድርጉ፤ በደቂቃ 20 ሚሊ ሊትር ያዙር።

የጠብታውን መጠን በፋብሪካው ወረቀት ላይ ብቻ አትመኑ። የሲሊኮን ዘይት የተቀባ የመስታወት ስላይድ ለቅጽበት ጉሙ ውስጥ አስገብታችሁ በማይክሮስኮፕ እዩት። ዘይቱ ውስጥ የገቡት ጠብታዎች ድቡልቡል እንደሆኑ ለጥቂት ጊዜ ይቆያሉ፤ ተጋጭተው ሳይዋሐዱ ቶሎ ፎቶ አንሡና ወርዳቸውን ለኩ። ከመካከላቸው ጥቂት ግዙፍ ጠብታዎች ካያችሁ አትለፏቸው፤ ወርዱ 300 ማይክሮ ሜትር የሆነ አንድ ጠብታ 30 ማይክሮ ሜትር የሆኑ አንድ ሺህ ጠብታዎች የሚይዙትን ውኃ ብቻውን ይዟል። መርጫውን አጽዱ ወይም ፍሰቱን ቀንሱ።

ደረጃ 4፦ ጋዙ

በአየር ጀምሩ፤ ርካሽ ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ብታሳልፉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ጠብታው በ20 ሴንቲ ሜትሩ የፕላዝማ ክልል ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይቆያል ማለት ነው። ጋዙ ወደ መርጫው ከመድረሱ በፊት ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እየተንቦቀቦቀ እንዲያልፍ አድርጉት። እርጥብ ጋዝ ጠብታውን አያደርቀውም።

አየር ናይትሮጂን አለው። ፕላዝማው ናይትሮጂንና ኦክስጂንን አዋህዶ ናይትሬትና ናይትራይት ውኃው ውስጥ ይጨምራል፤ ፒኤቹም ይወርዳል፣ እስከ 3 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ገደብ ለናይትሬት በሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ ለናይትራይት 3 ሚሊ ግራም ነው። አንዱን ብክለት አጥፍቶ ሌላውን መጨመር እንዳይሆን ሁለቱንም ሁልጊዜ ለኩ። በኦክስጂን ብትሠሩ ኦዞን ይበዛል፣ ናይትሬት ግን አይፈጠርም። በአርጎን ደግሞ ፕላዝማው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይበራል፤ ኦዞን የለም፣ ሃይድሮክሲልና ኤሌክትሮን ይገናል፣ ጋዙ ግን ውድ ነው።

ደረጃ 5፦ የመፈተኛ መፍትሔ

ሜቲሊን ብሉ ተጠቀሙ። 100 ሚሊ ግራም መዝናችሁ በአንድ ሊትር ዲስትልድ ውኃ አሟሙት፤ ከዚያ 50 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ወደ አንድ ሊትር አሟሉት። በሊትር 5 ሚሊ ግራም ሆነ። በስፔክትሮፎቶሜትር (መፍትሔው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ) 664 ናኖ ሜትር ላይ ንባቡ 1 አካባቢ ወይም ትንሽ በለጥ ይላል፤ ለመለካት ምቹ ነው። ከ0.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም ባሉ አምስት መጠኖች የመለኪያ መስመር ሥሩ።

ሜቲሊን ብሉ መስታወትና ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት መፍትሔውን ፕላዝማ ሳይበራ በመሣሪያው ውስጥ ንባቡ እስኪረጋ ድረስ አዙሩት። ይህን የዘለለ ሰው ቱቦ ላይ የተጣበቀውን ቀለም ፕላዝማው ያጠፋው አድርጎ ይቆጥረዋል።

ደረጃ 6፦ ማብራት

መጀመሪያ ያለ ውኃ፣ በጋዝ ብቻ። የክፍሉን መብራት ቀንሱና ቮልቴጁን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ። በመጀመሪያ ጭርር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ በወንፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ወይን ጠጅ ክሮች እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ፤ ትንሽ ሲጨመር ዙሪያውን ይሞሉታል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የማይንቀሳቀስ ነጭ ብርሃን ካያችሁ ወዲያውኑ አጥፉ። ኳርትዙ ተሰንጥቋል ወይም ሊበሳ ነው።

ከዚያ ጉሙን ልቀቁ። ብርሃኑ ይለወጣል፤ ክሮቹ ጠብታ ባለበት ይጠነክራሉ፣ ግድግዳው ላይ ውኃ በተንጠለጠለበት ይሰበሰባሉ። የተወሰነው ጉም ግድግዳ ላይ አርፎ እንደ ስስ ፊልም መውረዱ አይቀርም፤ ያም ይታከማል፣ ግን በዝግታ። ፊልሙ እየወፈረ ክፍተቱን የሚዘጋ የውኃ ድልድይ ከሠራ የፓምፑን ፍሰት ቀንሱ።

ደረጃ 7፦ ሙከራውና ማነጻጸሪያዎቹ

200 ሚሊ ሊትር መፍትሔ ብልቃጡ ውስጥ አድርጋችሁ መዝኑት። ፕላዝማውን ለ30 ደቂቃ አብሩ፤ በየ5 ደቂቃው 3 ሚሊ ሊትር ናሙና ውሰዱና ወዲያውኑ አንብቡ። በመጨረሻ ብልቃጡን እንደገና መዝኑ። ከናሙናው ውጭ የጎደለው የተነነ ወይም ከጋዙ ጋር ያመለጠ ነው፤ በትነት የጎደለው ውኃ ቀለሙን ስለሚያከማቸው በሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ብቻውን ይህ ሙከራ ምንም አያረጋግጥም። የሚከተሉትን ካልሠራችሁ ሥራው ገና ነው፦

- ሁሉም በርቶ ፕላዝማው ብቻ ጠፍቶ። አልትራሳውንዱ ራሱና መጣበቁ ምን ያህል እንደሚቀንስ ያሳያል።
- ፕላዝማው ያለ ጉም በርቶ፣ የሚወጣው ጋዝ በቀለሙ መፍትሔ ውስጥ እየተንቦቀቦቀ። ይህ በዋናነት የኦዞን ድርሻ ነው።
- መርጫው ተነሥቶ፣ ያው ውኃ በያው ፍሰት በግድግዳው ላይ እንደ ፊልም እየወረደ። መበተኑ ምን እንዳተረፈላችሁ በቀጥታ የሚነግራችሁ ይህ ነው።
- ሃይድሮክሲልን የሚሻማ ተርት ቡታኖል ተጨምሮበት። የቀለሙ መጥፋት በጣም ከዘገየ ሥራውን የሚሠራው በእርግጥ ሃይድሮክሲል ነው።

ሦስተኛውን በተለይ አደራ እላለሁ። በጉምና በፊልም መካከል ልዩነት ካላገኛችሁ ጠብታዎቻችሁ ወደ ፕላዝማው ከመድረሳቸው በፊት ግድግዳ ላይ እያረፉ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ ቀለሙ ጠፋ፤ ኬሚካሉስ?

ሰማያዊው ሲጠፋ ማየት ደስ ይላል። ቀለሙን የሚሰጠው ግን የሞለኪውሉ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱ ሲነካ ውኃው ይጠራል፣ የቀረው አካል ግን እዚያው አለ። ከዚህም በላይ ሜቲሊን ብሉ ኤሌክትሮን ሲቀበል ሳይሰበር ቀለም አልባ ይሆናል፤ አየር ሲያገኝ ደግሞ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። በተለይ በአርጎን ስትሠሩ ናሙናውን በአየር ለጥቂት ደቂቃ ነቅንቃችሁ እንደገና አንብቡት። ንባቡ ከፍ ካለ ቀለሙ አልተሰበረም ማለት ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ ካርቦኑ የት ሄደ የሚለው ነው። የጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን መለኪያ ያለው ቤተ ሙከራ ፈልጉ። ቀለሙ 90 በመቶ ጠፍቶ ካርቦኑ ግን ብዙም ሳይቀንስ ብታገኙት አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። የተሰበሩት ቁርጥራጮች እንደ ፎርሚክና ኦክሳሊክ አሲድ ያሉ ትናንሽ አሲዶች ሆነው ይቆያሉ። አዮን ክሮማቶግራፊ ካገኛችሁ ሰልፌትን ለኩ። በሜቲሊን ብሉ ውስጥ ያለው ድኝ በሙሉ ነጻ ከወጣ ከ5 ሚሊ ግራም ቀለም 1.5 ሚሊ ግራም ያህል ሰልፌት መገኘት አለበት።

ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን በታይታኒየም ሰልፌት መለካት ቀላል ነው፤ ቢጫ ይሆናል፣ 410 ናኖ ሜትር ላይ ይነበባል። በአየር ስትሠሩ ውኃው ውስጥ ያለው ናይትራይት ፐርኦክሳይዱን እየበላ ንባቡን ያሳንስባችኋል፤ ናሙናውን እንደወሰዳችሁ ትንሽ ሰልፋሚክ አሲድ ጨምሩበት። አንድ ናሙና ደግሞ ጨለማ ውስጥ 24 ሰዓት አስቀምጣችሁ ድጋሚ አንብቡ፤ ፕላዝማው ከጠፋ በኋላም ኬሚስትሪው ይቀጥላል።

ደረጃ 9፦ የኃይሉ ሒሳብ

የሶኬት ቆጣሪ ንባብ ትራንስፎርመሩ ያባከነውንም ስለሚጨምር ሁለቱንም ጻፉ፤ ከሶኬት የተወሰደውንም፣ ፕላዝማው ውስጥ የገባውንም። ለሁለተኛው በግራውንድ መስመሩ ላይ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አስገቡ። የከፍተኛ ቮልቴጅ ፕሮቡን ወደ ኦሲሎስኮፑ አንዱ ቻናል፣ የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ወደ ሌላው ስጡና በኤክስ ዋይ አሠራር እዩት። ጎኑ የተዘነበለ አራት ማዕዘን ይወጣል። የካፓሲተሩን ቮልቴጅ በ100 ናኖ ፋራድ ስታባዙት ቻርጅ ይሆናል፤ የቅርጹ ስፋት በአንድ ዑደት የገባው ኃይል ነው፤ በድግግሞሹ ስታባዙት ዋት ታገኛላችሁ።

ለምሳሌ 20 ዋት አገኛችሁ እንበል፤ 200 ሚሊ ሊትር በ30 ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። የገባው ኃይል 0.01 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ሲሰላ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ብክለቱን በአሥር እጥፍ ለመቀነስ በሜትር ኩብ የሚያስፈልገው ኃይል የዘርፉ መለኪያ ነው፤ የእናንተን ቁጥር ከሌሎች ጋር የምታወዳድሩት በዚህ ነው። ኦዞን ወይም አልትራቫዮሌት ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ባነሰ ይሠራሉ። የመጀመሪያ መሣሪያችሁ ከዚያ በብዙ ቢርቅ የሚጠበቅ ነው። ቁጥሩን ለማውረድ ከዋቱ በፊት ጠብታውን አስተካክሉ፤ ቀጥሎ ተራውን ሞገድ በናኖ ሰከንድ በሚቆጠሩ አጫጭር ምቶች ተኩ።

ደረጃ 10፦ ወደ እውነተኛ ውኃ

ዲስትልድ ውኃ ላይ የሠራ ነገር ወንዝ ውኃ ላይ ሲዳከም አትገረሙ። ባይካርቦኔት ሃይድሮክሲልን ይሻማል፤ ካርቦኔት ደግሞ ከእሱ በአሥር እጥፎች ይፈጥናል። የስምጥ ሸለቆ ውኃዎቻችን ባይካርቦኔት የበዛባቸው ስለሆኑ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት። ሶዲየም ባይካርቦኔት በተለያየ መጠን እየጨመራችሁ ውጤቱ በስንት እንደሚቀንስ አስቀድማችሁ ለኩ።

ፕላዝማ ሞለኪውልን ይሰብራል እንጂ ንጥረ ነገርን አያጠፋም። የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ በፕላዝማ አይወገድም። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ባለ ሦስት ቻርጅ ክሮሚየም በኦክሲዴሽን ወደ መርዛማው ባለ ስድስት ቻርጅ ሊለወጥ ይችላል። በሞጆ አካባቢ ካሉት ዓይነት ፋብሪካዎች ናሙና ከመጣ ክሮሚየሙ በዝቃጭ መልክ ከወጣ በኋላ ብቻ ወደ ፕላዝማው ይግባ፤ ባለ ስድስቱም በፊትና በኋላ ይለካ። ብሮማይድ ያለበት ውኃ ብሮሜት ሊያወጣ ይችላል፤ ገደቡ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው።

ፒፋስ የሚባሉት፣ ለእሳት ማጥፊያ አረፋና ለማይጣበቅ መጥበሻ ያገለገሉት ኬሚካሎች ሌላ ስልት ይፈልጋሉ። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስራቸውን ሃይድሮክሲል አይደፍረውም። በኒው ዮርክ ግዛት የክላርክሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አርጎን ከሥር እያንቦቀቦቁ ኬሚካሉን ወደ ውኃው ገጽ ያወጡና እዚያ በፕላዝማው ኤሌክትሮኖችና አዮኖች ይመቱታል። ሐሳቡ ያው ነው፤ ብክለቱን ፕላዝማው ወዳለበት ገጽ ማምጣት።

ፕላዝማው በማጣሪያ ሰንሰለት ውስጥ ቦታው ከባክቴሪያው ሕክምና በኋላ ነው። ባክቴሪያ በነጻ የሚበላውን ስኳርና ስብ በኤሌክትሪክ ማቃጠል ብክነት ነው። የደፈረሰ ውኃ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አጥሩት፤ የመርጫው አፍ ይደፈናል።

በመጨረሻ የታከመውን ውኃ ለሕያው ነገር ስጡት። የተሰበረ ሞለኪውል ቁርጥራጭ ከመጀመሪያው የበለጠ መርዛማ የሚሆንበት ጊዜ አለና፣ የዳፍኒያ (ደቃቅ የውኃ ነፍሳት) ወይም የሚያበሩ የባሕር ባክቴሪያዎች ፈተና አሠሩለት። ናሙናውን ከመስጠታችሁ በፊት ፒኤቹን ወደ 7 መልሱ፣ የቀረውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም በካታሌዝ ኢንዛይም አጥፉ፤ አለዚያ ዳፍኒያውን የገደለው ፐርኦክሳይዱ ይሁን የኬሚካሉ ቅሪት መለየት አይቻልም።